ጂን ለሲጋራ ጠበቃ የቆመበት ጊዜ

(ለወላጆችና ለጤና ባለሙያዎች በተዘጋጀ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። የቆማችሁ ካላችሁ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ሁላችንም ከኋላ መቀመጥ ስለምንወድ ነው እንጂ አዳራሹ አልሞላም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ግራም ነው። ሕፃን ሲወለድ መጀመሪያ ከሚደረጉለት ነገሮች አንዱ ሚዛን ላይ መውጣት ነው። ቁጥሩ ገና ከክፍሉ ሳይወጣ ዘመድ ስልክ መደወል ይጀምራል፤ "ሦስት ኪሎ ተኩል! እልል በሉ!" እናትየው በእርግዝናዋ ጊዜ ስታጨስ ከቆየች ግን ይህ ቁጥር በአማካይ ከ150 እስከ 250 ግራም ይወርዳል። በብዙ አገር፣ በብዙ ዘመን ተደጋግሞ ተመዝኗል።

"ሁለት መቶ ግራም ምን አላት?" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ 3,400 ግራም ሊሆን የነበረ ልጅ 3,200 ሆኖ ቢወለድ ማንም አይደነግጥም። ጣጣው ጠርዝ ላይ ያሉት ልጆች ጋ ነው። 2,650 ሊሆን የነበረው 2,450 ይሆናል። 2,500 ደግሞ በሕክምናው የተሰመረ መስመር ነው። ከዚያ በታች የተወለደ ልጅ ሙቀቱን መያዝ ይከብደዋል፣ ለኢንፌክሽን ይጋለጣል፣ ጠብቶ ለመጥገብም አቅም ሊያንሰው ይችላል። አማካዩ ትንሽ ሲንሸራተት መስመሩን የሚያልፉት ልጆች ቁጥር ብዙ ይጨምራል።

ጭሱ እንዴት ማህፀን ውስጥ ይደርሳል? በደም ነው። ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። አንዱ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ከሰል ቤት ውስጥ አስገብተው በር ዘግተው የተኙ ሰዎች የሚሞቱት በዚሁ ጋዝ ነው። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይይዛል፤ የኦክስጅንን ቦታ ይወስዳል ማለት ነው። የጽንሱ ሄሞግሎቢን ደግሞ ከእናቱ አጥብቆ ስለሚይዘው በጽንሱ ደም ውስጥ ያለው መጠን ከእናቱ ከፍ ይላል። ሁለተኛው ኒኮቲን ነው። የደም ሥር ያጠባል፣ እንግዴ ልጁንም አልፎ ይገባል። ልጁ ምግብም አየርም የሚያገኘው በዚያው መንገድ ስለሆነ፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ እየተቆነጠረለት ያድጋል።

እስከዚህ ድረስ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው። ግን ይህን ሁሉ ተናግሬ ሳልጨርስ አንድ ሰው እጁን ያወጣል። "የአክስቴ ጎረቤት በቀን አንድ ፓኮ ታጨስ ነበር፤ አራት ኪሎ ልጅ ነው የወለደችው።" ውሸት ነው አልልም። አምስት ጣት እኩል አይደለም። ያው ሲጋራ፣ ያው ብዛት፣ አንዷ ላይ ብዙ ይጎዳል፤ ሌላዋ ላይ ትንሽ። ልዩነቱ ከየት መጣ ሲባል ጂን፣ ማለትም ከወላጆቻችን የምንወርሰው የተፈጥሮ መመሪያ፣ ይነሳል። ጂን ሲነሳ ደግሞ አብሮ የሚነሳ ክፉ ታሪክ አለ፤ በእሱ ልጀምር።

በ1957 (ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዊኒያ ሲምፕሰን የምትባል አሜሪካዊት ሐኪም በካሊፎርኒያ ሳን በርናርዲኖ አውራጃ የወለዱ ሰባት ሺህ ተኩል ያህል እናቶችን መረጃ ሰብስባ አንድ ነገር አሳተመች። የሚያጨሱ እናቶች ያለጊዜው የሚወለድ ልጅ የማግኘት ዕድላቸው ከማያጨሱት እጥፍ ያህል ነበር። በዚያ ዘመን "ያለጊዜው" ሲባል በአብዛኛው የሚለካው በክብደት ነው። ዛሬ "ታዲያ ምን ይገርማል?" እንላለን። ያኔ ግን ሐኪሙ ራሱ እያጨሰ ነው ነፍሰ ጡር የሚያየው።

በማግስቱ ዓመት፣ በ1958፣ ሮናልድ ፊሸር ተነሳ። ፊሸር ተራ ሰው አይደለም። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የምንማረውን ስታትስቲክስ ግማሹን የገነባ፣ በጂን ሳይንስም አንቱ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ፒፓው ከአፉ አይለይም፤ የትምባሆ አምራቾች ማኅበርንም ያማክር ነበር። ያለው ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ ሲጋራና የሳንባ ካንሰር አብረው ስለታዩ አንዱ ሌላውን አመጣ ማለት አይደለም። ምናልባት አንድ ጂን አለ፤ ሰውየውን ማጨስ ያስወድደዋል፣ ያው ጂን ካንሰርም ያመጣበታል። ለማስረጃ መንትዮችን ጠቀሰ። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች በማጨስ ልማዳቸው ይበልጥ ይመሳሰላሉ አለ። ይህኛው እንኳ እውነት ነበር። ድምዳሜው ነው ገደል የገባው።

ይህንኑ ሐሳብ ወደ ማህፀን ያመጣው በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጄኮብ የሩሻልሚ ነው። ጥፋቱ የሴትዮዋ ተፈጥሮ እንጂ የሲጋራው አይደለም ባይ ነበር። በ1971 ባወጣው ጽሑፍ ሁሉንም ግራ ያጋባ ቁጥር ይዞ መጣ። ከ2,500 ግራም በታች ከተወለዱት ሕፃናት መካከል የአጫሾቹ ልጆች ከማያጨሱት ልጆች በተሻለ በሕይወት ይተርፋሉ! በዓመቱ ደግሞ ሌላ ጨመረ። ኋላ አጫሽ የሆኑ ሴቶች ማጨስ ሳይጀምሩም የወለዷቸው ልጆች ትንንሽ ነበሩ አለ። እንግዲህ አስቡት። የተከበረ ምሁር፣ በሺህ የሚቆጠር መረጃ፣ መደምደሚያው ደግሞ "ሲጋራን ተዉት፣ ተፈጥሮዋ ነው።" ለትምባሆ ኩባንያ ከዚህ የበለጠ ጠበቃ ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው እንቆቅልሽ በቅጡ የተፈታው በ2006 ነው፤ ሲፈታ ግን ቀላል ነው። ትንሽ ሆኖ የተወለደ ልጅ ሁሉ በአንድ ምክንያት አይደለም ትንሽ የሆነው። የማታጨስ እናት 2,000 ግራም ልጅ ከወለደች ከበስተጀርባው ከባድ ነገር ሊኖር ይችላል፤ የአፈጣጠር ችግር፣ ኢንፌክሽን። የአጫሿ ልጅ ግን በጭሱ ብቻ ከመስመሩ በታች ሊወርድ ይችላል። ትንንሾቹን ብቻ ለይታችሁ ስታወዳድሩ፣ ሳታስቡት በጣም የታመሙትን ከብዙም ካልታመሙት ጋር እያወዳደራችሁ ነው። የተወለዱትን ሁሉ አንድ ላይ ስታዩ የአጫሾቹ ልጆች ሞት ይበልጣል። አለቀ።

"ተፈጥሮዋ ነው" የሚለው ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። እናት ለልጇ ሁለት ነገር ትሰጣለች፤ ጂኗንና ማህፀኗን። ሁለቱ ከአንድ ሰው ስለሚመጡ የትኛው ምን እንዳደረገ መለየት ይቸግራል። እንዴት ትለያቸዋለህ? እናትን ከጂኗ መነጠል አይቻልም።

ይቻላል እንጂ! ይህን ጥናት ባነሳሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። በካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ፍራንሲስ ራይስ፣ አኒታ ታፓርና ባልደረቦቻቸው በ2009 ያሳተሙት ነው። ከእንግሊዝና ከአሜሪካ የመካንነት ሕክምና ክሊኒኮች ቤተሰቦችን አሰባሰቡ። ልጆቹ ሁሉ ከማህፀን ውጭ በላቦራቶሪ የተፀነሱ ናቸው። አንዳንዶቹ ከራሷ ከእናትየው እንቁላል የመጡ ናቸው። ሌሎቹ ግን ከሌላ ሴት በተለገሰ እንቁላል ወይም ጽንስ የተገኙ ናቸው። ያረገዘችው፣ ያማጠችው፣ የወለደችው ሴት በጂን ለልጁ ባዳ ናት። ማህፀኗን እንጂ ጂኗን አልሰጠችውም።

እንግዲህ የእነ ፊሸር ነገር ልክ ከሆነ፣ ባዳዋ እናት ብታጨስ የልጁ ክብደት መቀነስ የለበትም። ጂኗ እሱ ጋ የለማ! የተገኘው ተቃራኒው ነው። ያጨሰች እናት ልጅ በጂን ልጇ ሆነም አልሆነ ክብደቱ ቀንሶ ተገኘ። የሚያስገርመው ደግሞ የዚያው ጥናት ሌላ ግማሽ ነው። የአጫሽ እናቶች ልጆች ረባሽና ጠበኛ ይሆናሉ የሚል ወሬ አለ አይደል? ይህ የማጨስና የጠባይ ትስስር የታየው እናትና ልጅ በጂን ሲዛመዱ ብቻ ነው። በባዳዎቹ ላይ ጠፋ። እነ ፊሸር በጠባይ በኩል ምናልባት ጥቂት እውነት ነበራቸው፤ በግራሙ ግን ተሸንፈዋል። እርግጥ በእንዲህ ያለ ሕክምና ያረገዙ ሴቶች ብዙም አያጨሱም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ትንሽ ነው። ሐሳቡ ግን ግሩም ነው።

በ2012 ደግሞ ነገሩ ከሌላ በር መጣ። ጂኖች ከተሰደሩባቸው ክሮች (ክሮሞዞም ይባላሉ) በ15ኛው ላይ የኒኮቲን መቀበያዎችን የሚሠሩ ጂኖች አሉ። እዚያ አንድ የታወቀ ልዩነት አለ። ያንን የያዘ አጫሽ ብዙ ያጨሳል፣ ለመተውም ይበልጥ ይቸገራል፤ ነፍሰ ጡሮችን ጨምሮ። ከ14 ጥናቶች የተሰበሰቡ ከ26,000 በላይ ሴቶች ተመረመሩ። ሰው ከእናትና ከአባቱ አንድ አንድ ቅጂ ስለሚወርስ ይህን ልዩነት እስከ ሁለት ቅጂ ሊይዝ ይችላል፤ ከሚያጨሱት መካከል በእያንዳንዱ ቅጂ የልጁ ክብደት 20 ግራም ያህል ቀነሰ። ከማያጨሱትስ? ምንም። ጂኑ በራሱ ልጅ የሚያሳንስ ቢሆን ኖሮ ሲጋራ ያልነካችውንም ሴት ልጅ ባሳነሰ ነበር። ለሲጋራው ጠበቃ ሆኖ የቀረበው ጂን ራሱ ምስክር ሆኖ መሰከረበት።

አሁን ወደ አክስትየዋ ጎረቤት እንመለስ፤ ስለ ልዩነቱ። እዚህ ላይ ደግሞ ቦስተን እንሂድ። ሺያዎቢን ዋንግና ባልደረቦቿ ከ1998 እስከ 2000 በቦስተን ሜዲካል ሴንተር የወለዱ 741 እናቶችን መረመሩ። በ2002 ታተመ። ሁለት ጂኖች ላይ አተኮሩ። ስማቸው ያስጠላል፤ ታገሱኝ። ሲዋይፒ1ኤ1 እና ጂኤስቲቲ1 ይባላሉ።

ሥራቸው ግን ግልጽ ነው። ከጭስ ጋር የሚገቡ እንደ ጥላሸት ያሉ ኬሚካሎች በቀጥታ ከሰውነት አይወጡም። መጀመሪያ አንድ ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካልን የሚለውጥ የሰውነት ሠራተኛ፣ ይነካካቸዋል፤ ያ የሲዋይፒ1ኤ1 ሥራ ነው። ሲነካካቸው ግን ለጊዜው ከበፊቱ የባሱ ይሆናሉ፤ ያገኙት ላይ ሁሉ ይጣበቃሉ፣ ጂኖቻችን የተጻፉበት ዲኤንኤም ላይ ሳይቀር። ያኔ ሁለተኛው ኢንዛይም ደርሶ አክሽፎ ያስወጣቸዋል፤ ያ ደግሞ የጂኤስቲቲ1 ሥራ ነው። የሚገርመው፣ ብዙ ጤነኛ ሰው ይህ ሁለተኛ ጂን ጭራሽ የለውም። ከአውሮፓውያን አምስት ሰው አንዱ ገደማ፣ በምሥራቅ እስያ ደግሞ ግማሹ ያህል። ሳይኖራቸው ይኖራሉ፤ ምንም አይታወቃቸውም። ጭስ እስኪመጣ ድረስ።

ቁጥሮቹን ልንገራችሁ። ጂን ሳይታይ፣ በእርግዝናዋ ሁሉ ያጨሰች እናት ልጅ በአማካይ 377 ግራም ቀንሶ ተወለደ። ከዚያ በጂን ከፋፈሏቸው። ጂኤስቲቲ1 ያላቸው እናቶች ጋ ቅናሹ 285 ግራም ነው። በሌላቸው ዘንድ 642 ግራም። በሲዋይፒ1ኤ1ም በኩል እንዲሁ ነው፤ አንዱን ዓይነት የያዙት 252፣ ሌላውን የያዙት 520። ሁለቱም መጥፎ ዕጣ አንዷ ላይ ሲገጥም ደግሞ 1,285 ግራም! አንድ ኪሎ ከሩብ በላይ ማለት ነው።

ይህን የመጨረሻ ቁጥር ወስዳችሁ ነገ ፌስቡክ ላይ እንዳትለጥፉት አደራ። ከ741ዱ መካከል ማጨስ የሚያውቁት 174 ብቻ ናቸው። ከእነሱ ሁለቱንም ዕጣ የያዙት ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በትንሽ ሰው ላይ የተሠራ ስሌት እንዲህ ይወነጨፋል። በጃፓን ሆካይዶ ተሠርቶ በ2006 የታተመ ጥናት ወደዚያው አቅጣጫ የሚያመለክት ውጤት አግኝቷል፤ ቁጥሩ ግን እንደ ቦስተኑ አያስደነግጥም። እኔ የማምነው አቅጣጫውን ነው። ደግሞም ልብ በሉ፦ ጥሩ ጂን ደረሳቸው የተባሉትም 252 እና 285 ግራም ከስረዋል። ነፃ የወጣች የለችም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። ከ13 ጥናቶች 6,685 ሕፃናትን ያካተተ ሥራ በ2016 ወጥቷል። ያጨሱ እናቶች ልጆች ሲወለዱ ዲኤንኤአቸው ላይ ከ6,000 በላይ ቦታዎች የኬሚካል ምልክታቸው ተለውጦ ተገኘ። የጂኑ ፊደል አልተቀየረም፤ የተቀየረው የሚበራበትና የሚጠፋበት መንገድ ነው። በግልጽ ከተነኩት አንዱ ያንኑ የሲዋይፒ1ኤ1ን መስመር የሚቆጣጠረው ጂን ነው። ልጁ ገና ሳይወለድ ጭስ ማጽዳት ጀምሯል ማለት ነው።

አሁን በጣም የሚያናድደኝ ነገር ላይ ልምጣ። ነፍሰ ጡር ሴት ሲጋራ ይዛ ስትታይ ሁሉም ፈራጅ ይሆናል። "ለልጇ የማታዝን!" ይባላል። በ2002 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ነፍሰ ጡሮች ኒኮቲንን እንዴት እንደሚያወጡ ለኩ። በእርግዝና ጊዜ ሰውነት ኒኮቲንን የሚያስወግድበት ፍጥነት በ60 በመቶ ይጨምራል። ኒኮቲን ሲፈርስ የሚቀረው ኮቲኒን ደግሞ በ140 በመቶ። ጉበቷ ፈጥኖ ያጸዳዋል፤ ሱሱ ፈጥኖ ይመለሳል። ከመፀነሷ በፊት በሰዓቱ ያምራት የነበረው አሁን ከዚያ ቀድሞ ሊመጣባት ይችላል። በዚያ ላይ ያ የ15ኛው ክሮሞዞም ልዩነት ካለባት አስቡት። ይህች ሴት የሚያስፈልጋት ስድብ አይደለም፤ የሚያግዛት ሰው ነው።

እገዛ ደግሞ ይሠራል። በ1984 የታተመ የአሜሪካ ጥናት 935 አጫሽ ነፍሰ ጡሮችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ቡድን በአካል፣ በስልክና በደብዳቤ ምክር ያገኛል። ሌላው እንደወትሮው ይቀጥላል። በስምንተኛው ወር ገደማ ከተመከሩት 43 በመቶው ትተዋል፤ ካልተመከሩት 20 በመቶው። የተመከሩት እናቶች ልጆች በአማካይ 92 ግራም ከብደው ተወለዱ። ዕጣ ነው የከፈላቸው፤ ጂን አይደለም። ለየሩሻልሚ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተወች እናት ልጅ ክብደት ደግሞ ካላጨሰች እናት ልጅ ጋር እምብዛም አይለይም። ያመለጣት መስሏት "አንዴ ሆኗል" የምትል ካለች ይህን ንገሩልኝ።

ይህ እኛን ምን አገባን? ኢትዮጵያ ውስጥ የሚያጨሱ ሴቶች ከመቶ አንድ አካባቢ ናቸው፤ በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት። እሰየው ነው። በውጭ አገር ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን ግን በእናቶቻቸው አገር ልማድ አይኖሩም። ደግሞ የቦስተን ቁጥር እንዳለ ለእኛ አይገጥምም። አንድ ምሳሌ፦ ብዙ መድኃኒቶችን የሚፈጭ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ሌላ ጂን አለ። በ1996 እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ በስዊድን ካሮሊንስካ የሕክምና ተቋም ሆነው ኢትዮጵያውያንን ሲመረምሩ፣ 29 በመቶው ይህ ጂን ተደጋግሞ ያላቸው ሆነው ተገኙ። በሰሜን አውሮፓ እንዲህ ያለ ሰው ጥቂት ነው። ከሲጋራ ጋር በቀጥታ የሚያያዝ ጂን አይደለም። ግን ያንን የኒኮቲን መቀበያ ልዩነትም ብትወስዱት በአውሮፓ ሞልቶ በአፍሪካ ብርቅ ነው። የእኛን የሚነግረን በእኛ ላይ የተሠራ ጥናት ብቻ ነው።

ወደ ጥያቄ እንለፍ። ከቀረቡት ሦስቱን እዚህ አስቀርቻለሁ።

አንዲት እህት "ከማርገዜ በፊት ጂኔን ልመርመር?" ብላ ጠየቀች። ለዚህ ከሆነ ገንዘብሽን አታባክኚ። ውጤቱ ምንም ቢሆን የምትባዪው ያው ነው። እንዲያውም "ጥሩ ጂን አለሽ" መባሉ ነው የሚያስፈራኝ፤ ያኔ ማንም አያቆምም።

አንድ አባት ደግሞ "እኔ ነኝ የማጨሰው፣ ባለቤቴ አትነካም፤ በረንዳ ላይ ነው የማጨሰው" አሉ። ጋሼ፣ ስለጠየቁ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ወንድ ይህን አይጠይቅም። በሌላ ሰው ጭስ ውስጥ የምትውል ነፍሰ ጡር የምትወልደው ልጅ ክብደት በአማካይ 33 ግራም ያህል እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶች ተደምረው አሳይተዋል። ትንሽ ነው፤ ግን በየቤቱ ነው። በረንዳው ከሳሎን ይሻላል፤ በሩ ከተዘጋ። መኪና ውስጥ ግን መስኮት ከፍቶም አይሆንም። ደግሞ እርስዎ እያጨሱ እሷ ያቆመች ቢሆን ኖሮ መልሳ የመጀመር ዕድሏ ይጨምር ነበር፤ ቤት ውስጥ ፓኮ እያለ መተው ከባድ ነው።

የመጨረሻዋ ወጣት የጠየቀችው ስለ ሺሻ ነው፤ "ውሃው ያጣራው የለም እንዴ?" ብላ። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፤ ለዚህ ነው ጉሮሮ የማይከረክረው። ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን አያስቀረውም። ሺሻ ላይ ደግሞ ከትምባሆው ሌላ የሚነድ ከሰል አለ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተቀምጠሽ ስትነሺ የምትወስጂው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከአንድ ሲጋራ በብዙ ይበልጣል። ኒኮቲኑም እዚያው አለ፣ የፍራፍሬ ጣዕም ቢኖረውም።